የጓሮ ዶሮን ከነጣቂ ስለ መጠበቅ

በዚህ ትምህርት የምንናገረው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በሬ በሞተ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ለማስተዛዘን ይመጣል፤ ዶሮ በተነጠቀች ጊዜ ግን የቤቲቱ እመቤት ብቻዋን ጮኻ ብቻዋን ዝም ትላለች። ነገር ግን በባላገር ቤት የየዕለቱን ወጪ የሚችለው ምን እንደ ሆነ በደኅና የመረመረ ሰው ዶሮን አይንቃትም። ጨውና ቡና፣ ሳሙናና ክብሪት አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በእንቁላል ዋጋ ነው፤ የልጆቹም ደብተርና እርሳስ ከዚያው ይወጣል። የእህል ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባና በአባወራው እጅ የሚወጣ ሲሆን፣ የዶሮ ገንዘብ ግን በየገበያው ቀን የሚገኝና በእናቲቱ እጅ ያለ ገንዘብ ነው።

እኔ ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ስምና የቀሩበትን ምክንያት በመዝገብ ስጽፍ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ደብተር አጥተው የቀሩት ልጆች ለምን እንዳጡ ሲጠየቁ፣ አንዳንዶቹ «ጫጩቶቹን ጭልፊት ጨረሰብን» ብለው ይመልሱ ነበር። በመዝገቡ ላይ ጭልፊት ተብሎ የሚጻፍበት ዓምድ ስላልነበረ «ችግር» ብዬ እጽፈው ነበር።

የአገራችን ዶሮ ከውጭ አገር ከመጣችው ዶሮ ጋር ስትተያይ እንቁላልዋ ጥቂት ነው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 ቢደርስ ነው። ነገር ግን ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጭራ የምታሳድግ ደግ እናት ናት። 21 ቀን ታቅፋ ጫጩቶቹን ካወጣች በኋላ ጥፋቱ ያን ጊዜ ይጀምራል። በአገራችን ገጠር የተደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይጠፋሉ፤ ከሚያጠፋቸውም ነገር ዋናዎቹ በሽታና ነጣቂ ናቸው። እንግዲህ እናስላው። አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋ 10 ጫጩት ብታወጣ፣ አምስቱም ቢጠፉ፣ ከቀሩት አምስቱ ሁለቱ ወንዶች ሆነው ለበዓል ቢታረዱ፣ ለዘር የሚቀሩት ሦስት ቄቦች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዲቱን ሌሊት አውሬ ቢወስዳት የእናቲቱ የወራት ድካም ሢሶው በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው።

የዶሮ ጠላት አንድ አይደለም። የቀን ጠላት አለባት፤ የሌሊት ጠላትም አለባት። የሁለቱም ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ለአንዱ የሚበጀው መከላከያ ለሁለተኛው አይበጅም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል። ሰው ሁሉ የሚያየውና የሚራገመው ጭልፊትን ነው፤ በፀሐይ ብርሃን፣ በሰው ፊት ይነጥቃልና። ቤቱን ባዶ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ያልታየው ነው።

ስለ ቀን ጠላቶች

ጭልፊት በሰማይ ሲዞር ይቆይና ጫጩቱ ከእናቱ ጥቂት ራቅ ባለ ጊዜ ወርዶ በእግሩ ጨብጦ ሳያርፍ ይሄዳል። ያደገችን ዶሮ ለማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ የጭልፊት ፍርሃት በጫጩትነት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች የሚጸና ፍርሃት ነው። ቁራ ደግሞ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ ጫጩት ይሰርቃል፤ ሰው ከጓሮው ሲርቅ ጠብቆ ስለሚመጣ ሌባ መሆኑን ራሱ የሚያውቅ ይመስላል። በምድር በኩል፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ እግሩ አጭር፣ ጅራቱ ረጅም የሆነው ሙጭልጭላ በጠራራ ፀሐይ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ጫጩትና እንቁላል ይበላል። ቀበሮ ገና ሳይነጋና ሲመሽ ይመጣል። የጎረቤት ውሻም ከጠላቶች መቈጠር አለበት፤ ይህን መናገር ጎረቤትን ከጎረቤት ስለሚያጣላ ሰው ይሸሽገዋል እንጂ ጉዳቱ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። አውራ ዶሮ ጠላት ባየ ጊዜ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰማይ የሚበር ነጣቂ ሲያይ ረዘም ያለና ሳሳ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ በምድር የሚመጣ አውሬ ሲያይ ግን እየቆራረጠ፣ እየደጋገመና እየጮኸ ይንጫጫል። ሊቃውንት ይህን ድምፅ በመቅጃ ቀርጸው፣ ምንም ጠላት በሌለበት ቦታ ለዶሮዎች አሰምተው መርምረዋል። የሰማዩን ድምፅ የሰሙት ወደ መሸሸጊያ ሮጡ፤ የምድሩን ድምፅ የሰሙት ግን አንገታቸውን አቅንተው ቆመው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ስለዚህ ይህን ሁለት ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ከቤት ሳይወጣ ወደ ላይ ይመልከት ወይስ ወደ ቁጥቋጦው ይሩጥ ያውቃል። ተማሪዎች ይህን በአንድ ሳምንት ይማሩታል፤ ከእኛ ከሽማግሎቹ ይልቅ ጆሮአቸው ቀና ነው። መንጋ ያለ አውራ ዶሮ ማኖርም ስለዚህ አይገባም።

ስለ ሌሊት ጠላቶች

የዶሮ ዓይን ለቀን ብርሃን የተሠራ ስለ ሆነ በጨለማ አጥርታ አታይም። በመሸ ጊዜ በቆጥ ላይ ከተቀመጠች በኋላ አውሬ አጠገብዋ ቢመጣ ወዴት እንደምትሸሽ አታውቅም፤ ባለችበት ትያዛለች። በቀን አሥር ጊዜ ያመለጠች ብልህ ዶሮ በሌሊት እንደ ድንጋይ የምትለቀመው ስለዚህ ነው።

ከሌሊቶቹ ጠላቶች ዋናው ሸለምጥማጥ ነው። ገላው ረጅምና ነቁጣ ያለበት፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ እንደ ድመት ያለ አውሬ ነው። ዛፍ ይወጣል፤ በግድግዳ ይሄዳል፤ ጣራው ከግድግዳው በሚገናኝበት ክፍተት ይገባል፤ ጭንቅላቱ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ገላው ይከተለዋል። ሁለተኛው ጥርኝ ነው፤ ይህ ዝባድ የሚወጣለት የታወቀው እንስሳ ሲሆን ከሸለምጥማጥ ይበልጣል፤ በመሬት ስለሚሄድ ግን ከፍ ያለ ቤት ይከለክለዋል። አነር ደግሞ እግሩ ረጅም፣ ጆሮው ሰፊ፣ ከሰው ቁመት በላይ መዝለል የሚችል ነው። በዛፍ ላይ የሚያድሩትን ዶሮዎች ጉጉት ይወስዳቸዋል። አይጥና እባብም በእንቁላልና በጫጩት ላይ ይመጣሉ፤ አይጥ ከሁሉ ትንሽ ብትሆንም ከቤት ስለማትርቅ ክፉ ጠላት ናት፤ እባብንም ወደ ቤት የምትጠራው እርስዋ ናት።

ማን እንደ በላ ስለ ማወቅ

ዶሮ የጠፋበት ሰው ከመቈጣቱና አጥር ከመሥራቱ አስቀድሞ ምልክቱን ይመርምር። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ጠላቱን ሳያውቅ የሚደክም ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። በቀን አንድ ጫጩት ብቻ ጠፍቶ ምንም ምልክት ባይገኝ፣ የሚጠረጠረው ጭልፊት ነው። ዶሮዎቹ በሌሊት በቤታቸው ውስጥ ራሳቸውና አንገታቸው ተበልቶ፣ ገላቸው ግን ተጥሎ ቢገኝ፣ በተለይም ከአንድ በላይ ከሞቱ፣ ሸለምጥማጥ ወይም ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል አውሬ ገብቷል። ዶሮዪቱ ከነገላዋ ተወስዳ ላባዋ በመንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቢገኝ የቀበሮ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ተነክሰውና ተቦጫጭቀው፣ ሳይበሉ ወድቀው ቢገኙ ውሻ ነው። እንቁላሉ ያለ ቅርፊት ያለ ምንም ጠፍቶ ቢገኝ እባብ ወይም አይጥ ይሆናል፤ እባብ እንቁላሉን እንዳለ ይውጠዋልና። ላባ ሳይወድቅ፣ ደም ሳይታይ፣ በሩ ተከፍቶ ከተገኘ ግን ሁለት እግር ያለው ሸለምጥማጥ ነው፤ ይህም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን የሚበዛ ዓይነት ነው።

ገላቸው ምንም ሳይነካ ሞተው የተገኙ እንደ ሆነ አውሬን አትክሰሱ። እርሱ ፈንግል ወይም ሌላ በሽታ ነው፤ መከላከያውም ክትባት ስለ ሆነ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል። በበሽታ የሞተችውንም ዶሮ ወደ ገደል መወርወር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። የተጣለው ሥጋ ቀበሮንና ውሻን ወደ መንደሩ ይጠራል፤ የዶሮንም ጣዕም ያስለምዳቸዋል፤ በሽታውንም ወደ ጎረቤት መንጋ ያደርሳል። ጥልቅ አድርጎ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።

በራሴ ላይ ስለ ደረሰው

ይህን ነገር ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርሁትም፤ በራሴ ስንፍና የተማርሁትም አለ። ዕድሜዬ 11 ዓመት ያህል በነበረ ጊዜ ዳዊት ደግሜ ጨርሼ ወደ ቅኔ ቤት ለመሄድ እጠባበቅ ነበር። እናቴም ለመንገዴ የሚሆን ጋቢ የምትገዛልኝ ገብስማ ዶሮዋ ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ዋጋ እንደ ሆነ ነግራኝ ነበር። ጫጩቶቹ 11 ነበሩ። እኔም ጠባቂያቸው ሆኜ ወንጭፌን ይዤ ከዋርካው ሥር ተቀመጥሁ። ጭልፊት ሲዞር ባየሁ ጊዜ እጮኻለሁ፣ ድንጋይ እወነጭፋለሁ፤ ይህም የጀግና ሥራ መስሎ ይታየኝ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጭልፊት የወሰደው ሁለት ብቻ ስለ ሆነ በመንደሩ ልጆች ፊት እመካ ነበር።

እናቴ ግን «ልጄ፣ የዶሮዎቹ ቤት ከግርጌው ተሸርሽሯልና ድንጋይ ወትፍበት» ብላ ሦስት ጊዜ አዝዛኝ ነበር። ቀዳዳው ጡጫ የሚያስገባ ያኽል ብቻ ስለ ነበር ናቅሁት፤ ድንጋይ መወተፍም እንደ መወንጨፍ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አልነበረም። አንድ ሌሊት ውሻችን ጮኸ፤ ማንም አልተነሣም። ሲነጋ ገብስማይቱ ራስዋ ተበልቶ ተጥላ ተገኘች፤ ከዘጠኙም ጫጩቶች ስድስቱ ሞተዋል። ሦስቱ በተደፋ ቅርጫት ሥር ገብተው ተርፈው ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቀዳዳውን አይተው፣ ጠጕሩንም ከጭቃው ላይ ለቅመው አሳዩኝና «ልጄ፣ አንተ ሰማዩን ስትጠብቅ ምድሩ በላህ» አሉኝ። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ላባውን ጠርጋ ጣለች። እኔም ወደ ቅኔ ቤት የሄድሁት ዓመት ዘግይቼ ነው።

ጫጩቶችን ስለ መጠበቅ

ጫጩትን በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንቶች ከእናቱ ጋር እንዲሁ በሜዳ መልቀቅ ለነጣቂ ማዕድ ማቅረብ ነው። የተቻለው ሰው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ይጠብቃቸው። የሚሠራውም ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ሰፋ ያለ፣ የጫጩት ራስ እንጂ የጭልፊት እግር በማያስገባ ዓይን የተሠራ ቅርጫት በጫጩቶቹ ላይ ይደፋል፤ ነፋስ ወይም ውሻ እንዳይገለብጠውም ድንጋይ ይጫንበታል። እናቲቱን ከእነርሱ ጋር ማኖር፣ ወይም በአጠገባቸው በእግርዋ ለስላሳ ገመድ አስሮ ማቈየት ይቻላል። ቅርጫቱ በየቀኑ ቦታው ይለወጥ፤ በአንድ ቦታ ከቆየ ኩሱ በሽታ ያመጣል። ፀሐይም እንዳይመታቸው ግማሹን በቅጠል መሸፈን ያስፈልጋል።

የታሠረ ጫጩት ራሱ ጭሮ ስለማይበላ ሰው ሊመግበው ይገባል፤ ብዙ ሰው ጫጩትን ዘግቶ ማሳደግን የሚጠላበት ምክንያት ይህ ነው። ነገሩ ግን የሚመስለውን ያኽል ከባድ አይደለም። የተከካ ወይም የተሸረከተ እህል፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የተከተፈ የጎመን ቅጠል ይበቃል። ምስጥ በሚገኝበት አገር ከኩይሳው እየፈለጡ ማምጣት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጫጩት ለማደግ ሥጋ የሚመስል ምግብ ይፈልጋልና። ውሃውም በዝርግ ሸክላ ይሁን፤ እንዳይሰጥሙም በመካከሉ ጠጠር ይጨመርበት።

ጭልፊትን ለማስፈራራት ጨርቅ መስቀል፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ በገመድ ማንጠልጠል በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ይረዳል፤ ነገር ግን ጭልፊት ሞኝ አይደለም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለምደዋል። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ቦታውን መለዋወጥ ያስፈልጋል። ነጭ ቀለም ያላቸው የፈረንጅ ዶሮዎች ከሩቅ ስለሚታዩና እንደ አገራችን ዶሮ ፈጥነው መሸሽን ስለማያውቁ ከሌሎቹ ይልቅ ይነጠቃሉ። እነርሱን የተረከበ ሰው ዘግቶ ማሳደግ እንዳለበት ከመረከቡ በፊት ይወቅ።

ስለ ቁጥቋጦ የሚነሣ ክርክር

ከላይ ለአንዱ ጠላት የሚበጀው ለሌላው አይበጅም ያልነው በዚህ ይታያል። ጓሮው ገላጣ ከሆነ ጭልፊት እንደ ልቡ ይነጥቃል፤ ዶሮዪቱ የምትሸሸግበት ጥላ የላትም። ጓሮው በቁጥቋጦ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ሙጭልጭላና ሸለምጥማጥ ተደብቀው ይቀርባሉ። ስለዚህ ነገር በሽማግሎች መካከል ክርክር ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ አንዱ መንጥር ይላል፣ ሌላው ትከል ይላል። ለእኔ የሚሻለው የሚመስለኝ ሁለቱን ማስታረቅ ነው። ቡና፣ ጌሾ፣ ግራዋ የመሰለውን ተክል በጓሮ መካከል ተክሎ፣ ከሥሩ እስከ ጕልበት ድረስ ያለውን ቅርንጫፍ መመልመል፤ ከላይ ጥላ ይሆናል፣ ከታች ግን ዓይን ያሳልፋል። የዶሮው ቤት ባለበት ዙሪያ ግን ከአምስት እስከ ስድስት እርምጃ ድረስ ምንም ረጅም ሣር፣ የእንጨት ክምር ወይም የተከመረ ድንጋይ አይኑር። ከጣራው በላይ የተንጠለጠለም ቅርንጫፍ ቢኖር ይቆረጥ፤ ሸለምጥማጥ በእርሱ ይወርዳልና።

የሌሊት ማደሪያውን ስለ መሥራት

በብዙ ቤት ዶሮዎች የሚያድሩት ሰው በሚተኛበት ቤት በቆጥ ላይ ነው። ይህ ከአውሬ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቅማላቸውና ኩሳቸው በተለይ ለሕፃናት ጤና አይበጅም። ስለዚህ ከመኖሪያው ቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ በሩ ወደ ቤቱ ደጃፍ የሚመለከት፣ ድምፅ ቢሰማ ሰው ፈጥኖ የሚደርስበት ለብቻው የሆነ ቤት ይሻላል።

ወለሉ ከመሬት ሁለት ክንድ ያኽል ከፍ ይበል። በምሰሶዎቹም ላይ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ አንድ ክንድ ያኽል ስፋት ያለው ቆርቆሮ ዙሪያውን ይጠቅለል፤ የአይጥም ሆነ የሸለምጥማጥ ጥፍር በቆርቆሮ ላይ አይጨብጥም። ዶሮዎቹ የሚወጡበት መሰላል ማታ ከገቡ በኋላ ይነሣ፤ መሰላሉን እዚያው ትቶ መተኛት ለሌባ መንገድ መጥረግ ነው። ቤቱን ከፍ ማድረግ ያልቻለ ሰው ግን በግድግዳው ዙሪያ ግማሽ ክንድ ቈፍሮ ድንጋይ ይደርድር፤ ከውጭም በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፍ፤ ቈፋሪ አውሬ ግድግዳው ሥር መቈፈር ሲጀምር ድንጋይ ያገኛልና ይተወዋል።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ በየክረምቱ መጨረሻ መመረግ አለበት፤ ዝናብ ከግርጌው ይሸረሽረዋል፤ የእኔም ጥፋት ከዚያ መጣ። አየር እንዲገባ ከላይ በኩል መስኮት ይውጣለት፤ መስኮቱም ቀዳዳው ትንሽ ጣት ከሚያስገባ በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። በገበያ የሚሸጠው ሰፊ ዓይን ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬን እንዳይገባ አይከለክልም። አንዳንዱ ይቀደዳል፤ ባይቀደድም አውሬው እጁን አሾልኮ በአጠገቡ የተኛችውን ዶሮ ይጎትታል። ስለዚህ ቆጡ ከመስኮቱና ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ይበል። ስፋቱም በአንድ ሜትር ካሬ ከአምስት ዶሮ በላይ አይሁን፤ ሲጨናነቁ ይታመማሉ።

በሩ ከሳንቃ የተሠራና በመወርወሪያ የሚዘጋ ይሁን። በገመድ የታሠረ በር አይታመንም። በሩ የሚዘጋበትም ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል። ዶሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ራስዋ ትገባለች፤ አውሬውም ከዚያ በኋላ ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ማታ ሊሆን 12 ሰዓት ሲቀርብ ጥቂት እህል በበሩ ውስጥ ይበተን፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ድምፅ እየተሰማ ይጠሩ፤ ሲገቡም ይቈጠሩ። ይህን ሥራ ከልጆች ለአንዱ ብቻ መስጠት ይሻላል፤ ለሁሉ የተሰጠ ሥራ የማንም ሥራ አይደለምና ሁሉም ሌላው ዘጋው እያለ ይተኛል። የጎደለች ካለች በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ማታ ትፈለግ።

ስለ መርዝና ስለ ወጥመድ

አንዳንድ ሰው ተቈጥቶ በሞተች ዶሮ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ በሜዳ ያኖራል። ይህን እንዳያደርግ አጥብቃችሁ ምከሩት። መርዙ ማን እንደሚበላው አይመርጥም፤ የራሱ ውሻ፣ የጎረቤት ድመት፣ ከዚያም የሞተውን የሚበላው ጥንብ አንሣ ይሞታል። በአፍሪካ ምድር ጥንብ አንሣ እጅግ እያነሰ የሄደበት ዋናው ምክንያት መርዝ ነው፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ ጥንቡ በየሜዳው ይከማቻል። ሕፃን ልጅም መርዙን ሊነካው ይችላል። ሸለምጥማጥም ቢሆን ዶሮ ካላገኘ አይጥ በሊታ ነው፤ ከጎተራው አጠገብ መኖሩ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የዱር እንስሳትንም ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

በሰሜን ተራራ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌና በመሰሉት ብርዳም ቦታዎች የምትኖሩ በተለይ አስተውሉ። በዚያ የሚታየው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ ሲሆን በሕይወት የቀሩት 500 ያኽል ብቻ ናቸው። ምግቡ የሜዳ አይጥና ፍልፈል ነው። ዶሮ በጠፋች ቊጥር በእርሱ ማመካኘት ስሕተት ነው።

በዶሮ ቤት ውስጥ የተያዘን አውሬ ልጆች በእጃቸው አይንኩ፤ ሞቶም ቢሆን። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ አይደለም፤ በቀበሮና በሙጭልጭላም ይተላለፋል። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። በሽታው ከተገለጠ በኋላ መድኃኒት አይገኝለትም።

በትምህርት ቤት ስለሚሠራው ሥራ

መምህሩ በሰሌዳ ላይ ወይም በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ዓምዶች ያሰምር፤ ዶሮ የጠፋበት ቀን፣ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑ፣ የጠፉት ብዛት፣ ጫጩት ወይም ያደጉ መሆናቸው፣ የተገኘው ምልክት፣ የተጠረጠረው ጠላት ይጻፍበት። እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ይንገር። ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ተማሪዎቹ ይደምሩት፤ በገበያው ዋጋም ያባዙት። ስንት ደብተር እንደሚገዛ ራሳቸው ያውጡት። ቀን የጠፋው ይበልጣል ወይስ ሌሊት የጠፋው የሚለውን ከመደመራቸው በፊት አስቀድመው ይገምቱ፤ ግምታቸውም በሰሌዳው ጥግ ተጽፎ ይቈይ።

ወደ ቤት የሚሰጣቸውም ሥራ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ሥጋ ያገኘ አውሬ በማግስቱ ሌሊት ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ዶሮ የተበላችበት ቤት ልጅ በመጀመሪያ ዶሮዎቹን ለዚያች ሌሊት ወደ መኖሪያው ቤት ያስገባ። ከዚያም በዶሮው ቤት ዙሪያና በተጠረጠረው ቀዳዳ ፊት የተነፋ አመድ በስሱ ይበትን። ሲነጋ፣ ሰውና ከብት ሳይረግጠው፣ ዱካውን አይቶ በደብተሩ ይሣለው። ክብ ሆኖ ጥፍር ያልታየበት ከሆነ ድመት ወይም አነር የመሰለ አውሬ ነው፤ ረዘም ብሎ በፊቱ የጥፍር ምልክት ያለበት ከሆነ ውሻ ወይም ቀበሮ ነው፤ የአይጥም ዱካ ጅራቷ ከተጎተተበት መሥመር ጋር ይታወቃል። ሥዕሉን ለመምህሩ ያምጣ፤ ቀዳዳውን ግን ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በድንጋይ ይድፈነው።